በመድኃኒት ምክንያት የሚከሰት የመስማት ችግር እና መከላከያው

አንዳንድ መድኃኒቶች ሕይወትን የሚታደጉ ቢሆኑም የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። ጉዳቱ የሚደርሰው ድምፅን በሚቀበሉ ረቂቅ ሕዋሳት ላይ ሲሆን፣ የሞቱ ሕዋሳት በሰው ጆሮ ውስጥ ዳግም አይተኩም። ስለዚህ ዋናው ጥረት መከላከል ነው።

ጉዳዩ የሚመለከታቸው

ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ የሚወርዱ ወገኖች ለካላዛር ይጋለጣሉ። ለበሽታው ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን በየዕለቱ ለ17 ቀናት በመርፌ የሚሰጡበት ነው፤ ፓሮሞማይሲን ጆሮን ሊጎዱ ከሚችሉት ወገን ነው። ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ አሚካሲንና ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲንም እንዲሁ ናቸው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ይሰጡ የነበሩትን ካናማይሲንና ካፕሪኦማይሲን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሚመከሩት መድኃኒቶች ዝርዝር አውጥቷቸዋል።

መከላከያ መድኃኒት ወደ ጆሮ ይደርሳልን?

የውስጥ ጆሮ በደም በኩል የሚመጡ ብዙ መድኃኒቶችን የሚያግድ ተፈጥሯዊ መከላከያ አለው። በመሆኑም ተመራማሪዎች መከላከያውን በታምቡር በኩል በመርፌ ወደ መካከለኛው ጆሮ በማስገባት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ የማድረግ ዘዴን በማጥናት ላይ ናቸው። ይህም መከላከያው በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ የዋናውን መድኃኒት ኃይል እንዳያዳክም ይረዳል፤ ሆኖም ገና በምርምር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ሲስፕላቲን ለሚወስዱና ካንሰሩ ላልተሰራጨባቸው ሕፃናትና ልጆች የፈቀደችው ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚሰጠው በደም ሥር ነው። በጆሮ ቀዳዳ የሚጨመር ጠብታ ወይም ዘይት ግን በታምቡር ስለሚታገድ ይህን ጉዳት አይከላከልም።

ከታካሚው የሚጠበቅ

• ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የቀድሞ የመስማት ችግርን፣ የኩላሊት ሕመምን፣ እርግዝናን፣ እንዲሁም ከቤተሰብ አባላት በመርፌ ሕክምና ምክንያት መስማት የተሳነው ሰው ካለ ለባለሙያው ማስረዳት፤
• ከሕክምናው በፊትና በሕክምናው ወቅት የመስማት ምርመራ ማግኘት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ፤
• ጆሮ ውስጥ ጩኸት፣ ማዞር ወይም ንግግርን ለመለየት መቸገር ሲያጋጥም በዕለቱ ማሳወቅ።

ምልክቱ ቢታይም ሕክምናን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም፤ ያልታከመ ካላዛር ለሞት ይዳርጋል። መጠኑን የማስተካከል ወይም መድኃኒቱን የመቀየር ውሳኔ የሐኪም ነው።