ዶርዜን ሽሮ ሜዳ ማን አመጣው?

መስቀል ሲቃረብ በአዲስ አበባ፣ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ያለው የጋሞ ደጋ ሸማኔ፣ ዶርዜው፣ ጓዙን ይሸክፋል። ዓመቱን ሙሉ የሠራበትን ገንዘብ ቋጥሮ፣ ለእናት ጋቢ ለልጅ ልብስ ይዞ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ የሚጠማዘዘውን መንገድ ይይዛል። ይህን ጉዞ ይዤ አንድ የቆየ ክርክር ላንሳ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሙያው፤ አንባቢም ያውቀዋል። ሴቷ ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ወንዱ ይሸምናል። ጥጡ የቆላ ነው፤ ደጋው የእንሰትና የቀርከሃ አገር ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን ይረግጣል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ያመላልሳል። አባት ሲሠራ ልጅ አጠገቡ ሆኖ ያያል፤ ትምህርት ቤቱ ያ ጉድጓድ ነው። የጋሞ ደጋ ቤተሰብ እናት በፈተለችው፣ አባት በሸመነው ባለ አራት ድርብ ጋቢ ይታወሳል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ የዱንጉዛ ጨርቅም አለ፤ ወላይታም የኔ ነው ይላል።

ክርክሩ እነዚህ ሸማኔዎች አዲስ አበባ እንዴት ገቡ የሚለው ነው። አንዱ ወገን የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጋሞን ሲይዝ፣ መኳንንቱን እንዲያለብሱ ሸማኔዎችን ወደ አዲሲቱ ከተማ አመጣ ይላል። ሌላው ወገን ማንም አላመጣቸውም ባይ ነው፦ ገባርነት ገንዘብ ጠየቀ፣ መሬቱ ጠበበ፣ ሙያ ያለው ሰው ገዢ ወዳለበት ሄደ።

የመጀመሪያው ትረካ ለጆሮ ይጥማል፤ ቤተ መንግሥት አለበት። ግን ተግዞ የመጣ ሰው በየዓመቱ ለመስቀል አገሩ ይገባል? እርሻውንስ፣ እንሰቱንስ ይዞ ይቆያል? ሮዳ ሃልፐሪንና ጁዲት ኦልምስቴድ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ዶርዜ ድግስ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሀብት ያፈራ ሰው የሀላቃን ማዕረግ ይዞ ሕዝቡን እንዲያበላ እንዴት እንደሚያዝ አሳይተዋል። ከተማ የተገኘ ብር ደጋው ላይ የሚጠብቀው ማዕረግ ነበረው ማለት ነው። ሰውየው የሄደው ለመመለስ ነው።

ከተማው ግን በክብር አልተቀበለውም። ጋቢውን ለብሶ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ የሚሰድብ ብዙ ነበር። ዛሬም ከጋሞ ደጋ በዘመድ ስም ተወስደው አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊትና ቀን የሚሸምኑ ሕፃናት አሉ፤ ይህ የሙያው ነውር ነው።

የከተማውና የደጋው ትስስር በመከራም ታይቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳር ባለችው ቡራዩ ላይ ጥቃት ደርሶ ሰዎች ሲሞቱና ሲፈናቀሉ ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ወጡ፤ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው፣ መንገድ ላይ ተንበርክከው መለሷቸው። ቡራዩና ጋሞ ደጋ ያን ያህል አንድ ቤት ናቸው።

ለመስቀል ሽሮ ሜዳ ወርደው ጋቢ የሚገዙ ከሆነ፣ ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት ማን እንደሸመነው፣ ዕድሜውም ስንት እንደሆነ ይጠይቁ።