መረብ ኳስ ተጫውቶ ኮሌጅ መግባት ከየት የመጣ ዕድል ነው?



ስለ ቁጠባ፣ ስለ ዶሮ እርባታና ስለ በርበሬ ዋጋ በምናወጋበት ጽሑፍ ላይ ኳስን ምን አመጣው የምትሉ አትጠፉም። ያመጣው የሴት ልጆቻችን ትምህርት ነው። ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ፣ ከከተማም ሆነ ከገጠር ቀበሌ የምንመጣ እናቶች ስንገናኝ «ልጅቱ ኳስ ኳስ እያለች ከትምህርቷ ልትቀር ነው» የሚል ስጋት ደጋግሞ ይነሳል። አሜሪካ ውስጥ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ልጃገረዶች መረብ ኳስ ስለሚጫወቱ የኮሌጅ ወጪያቸው ይሸፈንላቸዋል። ይህ ዕድል እንዴት እንደ ተገኘ ስናገላብጥ ያየነው ታሪክ በማኅበር የተደራጀን ሴቶችን በተለይ የሚመለከት ሆኖ አገኘነው። ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መረብ ኳስ ሲፈጠር ለሴትም ለወጣትም ታስቦ አልነበረም። በ1895 በማሳቹሴትስ ግዛት በሆልዮክ ከተማ ዊልያም ሞርጋን የተባለ የወወክማ የስፖርት መምህር፣ ቅርጫት ኳስ ለከበዳቸው ጎልማሳ ነጋዴዎች መገፋፋት የሌለበት ጨዋታ ፈልጎ ያወጣው ነው። በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲገባ ሴቶች በኦሊምፒክ የተወዳደሩበት የመጀመሪያው የቡድን ኳስ ጨዋታ ሆነ። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ያው ኦሊምፒክ ነው። ወርቁን የወሰዱት ጃፓናውያን አብዛኞቹ የአንድ የጨርቃ ጨርቅ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ፤ ከሥራ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ይለማመዱ ነበር።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ ኮሌጆች ወንዱ ተጫዋች ስኮላርሺፕም አሰልጣኝም አውቶቡስም ነበረው። ብዙዎቹ የሴት ቡድኖች ግን የመንገዳቸውን ወጪ ኬክ ጋግረው እየሸጡ ያሟሉ ነበር። ጠላና አረቄ ሽጠን ለልጅ ደብተር የገዛን ሰዎች ይህ አይገርመንም። ለውጡ የመጣው ሰኔ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1972) ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት የትምህርት ሕግ ነው። አሜሪካኖች «ታይትል ናይን» የሚሉት ይህ ሕግ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ የትምህርት ተቋም ማንንም በጾታው ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል። ከሕጉ አርቃቂዎች አንዷ የሃዋይ ተወካይ ፓትሲ ሚንክ ናቸው። በወጣትነታቸው ሐኪም ለመሆን ለብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልክተው አንዱም አልተቀበላቸውም ነበር። ስፖርት የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ በስም አልተጠቀሰም፤ ከኮሌጆቹ የስፖርት ሜዳዎች በላይ ያናወጠው ቦታ ግን ያለ አይመስለንም።

ስኮላርሺፑን መጀመሪያ የከለከሉት ሴቶቹ ራሳቸው መሆናቸውን ስናነብ ተገርመናል። የኮሌጅ ሴቶችን ውድድር ለመምራት በ1971 የተቋቋመው፣ በሴት መምህራን የሚመራው ማኅበር፣ ለስፖርተኞቹ ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ኮሌጅ በውድድሩ እንዳይሳተፍ ደንብ አወጣ። ምክንያታቸው ክፋት አልነበረም። በወንዶቹ በኩል ተጫዋች በገንዘብ ሲሻማ፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ሲጣል፣ ትምህርቱም ሲረሳ አይተዋል፤ ልጆቻችን እንዲህ አይሁኑ አሉ። ፍርሃታቸውን እንረዳለን። ገንዘብ ሲመጣ አዛዥም አብሮ እንደሚመጣ ማኅበር ውስጥ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን የዚያ ደንብ ዕዳ የወደቀው በማን ላይ ነው? አባቷ ሊከፍልላት የሚችል ልጅ ስኮላርሺፕ ቢቀርባትም ትማራለች፤ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ግን ቤቷ ትቀራለች።

በ1973 መጀመሪያ ላይ በፍሎሪዳ ግዛት የሚገኙ የሁለት ኮሌጆች የቴኒስ ተጫዋቾችና አሰልጣኞች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። ክሱ ከመምህራኑ በአንዷ፣ በፈርን ኬልማየር ስም ይጠራል። ማኅበሩ በዚያው ዓመት ደንቡን ለወጠ። የመረብ ኳስ ልጆችም በቴኒስ ልጆች ክርክር በተከፈተው በር ገቡ ማለት ነው።

ከገቡት መካከል ስሟ የገነነው ፍሎ ሃይማን ናት። አባቷ በባቡር ድርጅት የጽዳት ሠራተኛ፣ እናቷ ትንሽ ካፌ ያላቸው ሴት ነበሩ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ96 ሳንቲ ነበር፤ በልጅነቷ ይህን ታፍርበት ነበር ይባላል። በ1974 በቴክሳስ የሚገኘው የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ለሴት የሰጠውን የመጀመሪያውን የስፖርት ስኮላርሺፕ አገኘች። ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ሳትወስድ ለቡድን ጓደኞቿ እንዲካፈል ማድረጓ ይነገርላታል፤ ለማኅበራችን አባላት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1980 ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ሁለት ወርቅ ሲያመጣ አገሯ ከውድድሩ በመቅረቷ ፍሎ ቤቷ ዋለች። በ1984 ደግሞ እኛ ስንቀር እሷ በሎስ አንጀለስ ብር ወሰደች። ከዚያም ሕጉ እንዳይላላ ዋሽንግተን ሄዳ ምስክርነት ሰጠች። በጥር 1986 ጃፓን ውስጥ በጨዋታ መካከል ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠች ወድቃ ሞተች፤ 31 ዓመቷ ነበር። በሽታው ማርፋን የሚባል፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር የሚያዳክም በዘር የሚወረስ ሕመም ሲሆን በሕይወት ሳለች ያወቀላት ሐኪም አልነበረም።

ስኮላርሺፕ ሲባል የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ምግብና መጻሕፍት ማለት ነው። በከፍተኛው ምድብ አንድ ኮሌጅ ለሴቶች መረብ ኳስ 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችል ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ ደንቡ ተለውጧል። ኳሷ ብቻዋን ግን አታስገባም። ልጅቱ በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ጨርሳ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት አለባት፤ ከገባች በኋላም ውጤቷ ከወረደ አትሰለፍም። ዕድሉን የሚሰጠው ኮሌጁ ራሱ ስለሆነ «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ ጆሮ አትስጡት።

ድሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። በ1981 የወንዶቹ ማኅበር የሴቶችን ሻምፒዮና ጠቅልሎ ያዘ፤ የሴቶቹ ማኅበርም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። በ1972 የሴት ቡድኖችን ከሚያሠለጥኑት ከ100 ከ90 በላይ ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬ ከግማሽ በታች ናቸው። ልጆቹ አገኙ፣ መሪዎቹ ወንበራቸውን አጡ።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ እንዲደረግ ያዛል፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የወጪ መጋራት ደንብም ተማሪዋ ዕዳዋን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ እንድትከፍል ይፈቅዳል። ኳስ የምትወድ ልጅ በስፖርት ሳይንስ መማር ትችላለች፤ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለው። ነገር ግን በየገጠሩ ትምህርት ቤት ልጆች የሚለማመዱበት ሰዓት ውኃ የሚቀዳበትና ከብት የሚገባበት ሰዓት ነው፤ ወንድሟ ሜዳ ሲውል እሷ እንስራ ታዝላለች። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን ሁለት ጉዳዮችን እናነሳለን። አንደኛው የመረብና የሁለት ኳስ ዋጋ ነው፤ ምሰሶው ከራሳችን ባሕር ዛፍ ይቆረጣል። ሁለተኛው በሳምንት ሁለት ቀን ውኃውን ማን ይቀዳል የሚለው ነው።