በሩ ተከፈተ፣ ወረቀቱ ተዘጋ



ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ከዴንቨር ደወለልኝ። ደሴ ሳስተምር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያስቸግረኝ ልጅ ነበር፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባትና የአንድ ትራክ ባለቤት ሆኗል። «ቲቸር፣» አለኝ፣ «ይሄ ብሮከር የሚሉት ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ አዛዥ የሆነው? ትራኩ የኔ፣ ናፍጣው የኔ፣ ኢንሹራንሱ የኔ፣ እንቅልፍ ማጣቱ የኔ። የጭነቱን ዋጋ ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

በስልክ አጭር መልስ ሰጥቼው ዘጋሁ። በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ 11 ዓመት ታሪክ አስተምሬ፣ 9 ዓመት እዚህ አሜሪካ ትራክ ነድቻለሁ። ስለዚህ እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ እንዳለን ቁጠሩትና ረዘም አድርጌ ልመልስ። ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ደላላ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ ከተሞች ናቸው። ጦርነቱ በ1990 ዓ.ም. ያንን መንገድ እስኪዘጋው ድረስ ካሚዮኑ ከነተሳቢው ሲወርድና ሲወጣ እያየን ነው ያደግነው። የጭነት ደላላውንም እናውቀዋለን፤ ሻይ ቤት በር ላይ የማይጠፋው ሰውዬ። ነጋዴው፣ ባለመኪናውና ደላላው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ደላላው ኮሚሽኑን ሲቀበል ሁሉም ያያል። ይዋሻል ወይ? አዎ ይዋሻል። ግን የሚዋሸው ፊትህ ተቀምጦ ነው፤ ነጋዴውን ዞር ብለህ «እውነት ነው?» ማለት ትችላለህ።

የአሜሪካው ብሮከር አሠራሩ ሌላ ነው። ከባለጭነቱ ጋር በአንድ ዋጋ ይዋዋላል፤ ከአንተ ጋር በሌላ ዋጋ። በመሀል ያለው ልዩነት የእሱ ነው። ባለጭነቱ አንተ ስንት እንደተከፈለህ አያውቅም፤ አንተም እሱ ስንት እንደከፈለ አታውቅም። ሁለታችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ አታውቁም። ይሄ ነገር ከየት መጣ?

ሥሩ ከአትክልትና ፍራፍሬ ነው። ዛሬ ሎድ የምንወስድበት ግዙፉ ሲ.ኤች. ሮቢንሰን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1905 በሰሜን ዳኮታ ሲቋቋም የአትክልት ደላላ ነበር። ያኔ ዋናው አጓጓዥ ባቡር ነው። ባቡሩን የሚቆጣጠረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1887 የተቋቋመው፣ በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ የሚመራው አይሲሲ የሚባል ኮሚሽን ነበር። በ1930ዎቹ በዚያ ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን፣ ያገለገለ ካሚዮን የገዛ ሥራ አጥ ሁሉ መንገድ ወጣ፤ ዋጋውም ተሰበረ። ባቡሮቹ ጮኹ፣ ትልልቆቹ የጭነት ኩባንያዎችም ጮኹ። ኦገስት 9 ቀን 1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሞተር አጓጓዦችን ሕግ ፈረሙ። ትራኩ በአይሲሲ ሥር ገባ። ብሮከሩም በዚያው ሕግ ስሙ ተጠርቶ ፈቃድ እንዲያወጣ ታዘዘ።

ያ ሕግ ምን ዓይነት ዓለም ፈጠረ? በሩ የተዘጋ ዓለም። አዲስ ሰው ትራክ ገዝቶ ልሥራ ቢል፣ አገልግሎቱ ለሕዝብ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነበረበት፤ ነባሮቹ ኩባንያዎችም ቀርበው መቃወም ይችሉ ነበር። ፈቃዱ ላይ የምትሄድበት መንገድና የምትጭነው ዕቃ ሳይቀር ይጻፋል። ፈቃድ እንደ ርስት በውድ ይሸጥ ነበር። ኩባንያዎቹ በማኅበር ተሰብስበው ዋጋ ይቆርጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ኮንግረስ ይህንንም ሕጋዊ ከለላ ሰጠው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። በዚያ በተዘጋ ዓለም ዋጋው የተደበቀ አልነበረም። የዋጋው ዝርዝር ለኮሚሽኑ ገቢ ይደረጋል፤ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። በሩ ተዘግቶ ወረቀቱ ክፍት ነበር።

ከዚህ ሕግ ውጪ የቀረ አንድ ዘርፍ ነበር፦ ያልተቀነባበረ የእርሻ ምርት። ቲማቲም፣ ሐብሐብ፣ ብርቱካን ለመጫን ያ ሁሉ ፈቃድ አያስፈልግም። የራሱ ትራክ ያለው ሰው የኖረው እዚያ ነው። ችግሩ ብርቱካን አድርሶ ሲመለስ ባዶውን መሆኑ ነው። መመለሻ ጭነት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ደላላ አያጣም። ትራክ ማቆሚያው አካባቢ ስልክ ይዞ የሚቀመጥ ሰው፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ ቀስ በቀስም እ.ኤ.አ. በ1978 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን አንድ ትራክ ማቆሚያ ውስጥ ጭነት የሚያሳይ ስክሪን ተሰቀለ። ዳያል ኤ ትራክ ተባለ። ዛሬ በስልካችን ሌሊት የምናፈጥበት ዳት የዚያ ስክሪን ልጅ ነው።

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን፦ እ.ኤ.አ. 1980። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሁለት ፊርማ ፈረሙ። ማርች 17 የስደተኞች ሕግ። ጁላይ 1 የአዲሱ የሞተር አጓጓዦች ሕግ። በመካከላቸው ሦስት ወር ተኩል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ፊርማ የእኛን ሰዎች ይመለከታል። ከዚያ በፊት ከአፍሪካ ለሚሰደድ ሰው የአሜሪካ በር ጠባብ ነበር። ከደርግ ሸሽቶ ሱዳን ካምፕ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት በብዛት ወደዚህ መምጣት የቻለው በዚያ ሕግ ነው። እኔና ብዙዎቻችሁ በኋላ በዲቪ ብንመጣም፣ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉንና የመጀመሪያውን ክፍል ያከራዩን እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ፊርማ ለአዲስ ገቢ የትራኩን በር ከፈተ። ኢንሹራንስ ካለህና ብቁ ከሆንክ ፈቃዱን ታገኛለህ፤ ነባሮቹ መቃወሙ እጅግ ከበዳቸው። በ10 ዓመት ውስጥ የአጓጓዦቹ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ። የሠራተኛ ማኅበሩ ኃይል ተሰበረ፣ የሹፌሩ ደሞዝም ወረደ። ብሮከር መሆንም ቀላል ሆነ። ዋጋ የማስመዝገቡ ግዴታ በ1990ዎቹ አጋማሽ አብዛኛው ቀረ፤ ራሱ አይሲሲም በ1995 መጨረሻ ተዘጋ።

እንግዲህ በሩ ተከፍቶ ወረቀቱ የተዘጋው በዚህ መንገድ ነው። እኛን ያስገባን በርና ዋጋውን ከዓይናችን የሰወረው በር አንድ ናቸው። ይህን ሳንረዳ ብሮከርን ብንሳደብ ዋጋ የለውም።

ለነገሩ አንዲት መስኮት ቀርታ ነበር። በዚያው በ1980 አይሲሲ ያወጣው ደንብ አለ፤ ዛሬ ቁጥሩ 371.3 ነው። ብሮከሩ ለእያንዳንዱ ጭነት መዝገብ ይይዛል፦ ባለጭነቱ ማን ነው፣ አጓጓዡ ማን ነው፣ ስንት ተከፈለው፣ ከማን። ለ3 ዓመት ያስቀምጣል። የውሉ ተሳታፊ የሆነ ሁሉ መዝገቡን የማየት መብት አለው። አንተም ተሳታፊ ነህ።

እኔ ይህን ደንብ ያወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ከዳላስ አትላንታ አንድ ጭነት በ1,650 ዶላር ወሰድኩ። ሳራግፍ የመጋዘኑ ሰውዬ ወረቀት ሲያገላብጥ የእኔ ያልሆነ አንድ ገጽ አብሮ ሰጠኝ። ባለጭነቱ ለብሮከሩ የከፈለው ዋጋ ነው፦ 2,900። ዶኩ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማይሉን ሁሉ የነዳሁት እኔ፣ ስልክ የደወለው እሱ።

ደወልኩ። መዝገቡን አሳየኝ አልኩት። ሰውዬው አልተቆጣም፤ እንዲያውም በትህትና «ውልህን አንብበህ ነበር?» አለኝ። ውሉ ውስጥ በ371.3 ያለኝን መብት ትቻለሁ የሚል አንቀጽ አለ። ፊርማው የኔ ነው። 11 ዓመት ሙሉ «ዋናውን ምንጭ ሳታነቡ አትመኑ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ 14 ገጽ ውል በስልኬ ከላይ እስከታች ጠርጌ በጣቴ ፈርሜያለሁ። እዚህ ላይ መሳቅ ይፈቀዳል።

ለፍትሕ ያህል ግን የብሮከሩንም ወገን ልናገር። ሁሌ እንዲህ አይደለም። ትልቅ ፋብሪካ አንድ ትራክ ካለው ሰው ጋር ውል አይገባም፤ ብሮከሩ ነው በሩን የሚያንኳኳልህ። ባለጭነቱ በ60 ቀን ሲከፍለው እሱ ለአንተ በ30 ቀን ይከፍላል። ገበያው ድንገት ሲወጣ ደግሞ፣ ከባለጭነቱ ጋር በድሮ ዋጋ ታስሮ ለአንተ ከኪሱ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። በ2021 ይህን ያዩ ያውቃሉ። ጥሩ ብሮከር ያላችሁ አክብራችሁ ያዙት።

መጥፎው ግን መጥፎ ነው። ጭነቱን ከብሮከር ወስዶ ራሱ ሳይጭን ለአንተ የሚሸጥልህ አለ። አንተ ታደርሳለህ፤ እሱ ገንዘቡን ይዞ ስልኩን ያጠፋል። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የብሮከር ዋስትና ለዓመታት 10,000 ዶላር ብቻ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሕግ 75,000 አደረገው፤ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ሠራ። ያለ ብሮከር ፈቃድ ጭነት ማሻሻጥንም ከለከለ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ብሮከር የመቶ ሹፌር ዕዳ ይዞ ቢወድቅ 75,000ው ለመቶ ይካፈላል።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2020 ጸደይ ፋብሪካው ሲዘጋ የጭነት ዋጋ ወደቀ። በሜይ ወር ሹፌሮች ትራካቸውን ዋሽንግተን፣ ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ ደርድረው ለሦስት ሳምንት ያህል ጥሩምባ ነፉ። ካነሱት ጥያቄ ዋነኛው አዲስ ሕግ አልነበረም፤ «የ40 ዓመቱን ደንብ አክብሩ፣ ወረቀቱን አሳዩን» ነው። ብሮከሮቹ በበኩላቸው ገበያው ነው የወደቀው አሉ። የባለትራኮቹ ማኅበርም አቤቱታ አስገባ። መልሱ ዓመታት ፈጀ፤ በኖቬምበር 2024 ኤፍኤምሲኤስኤ መዝገቡን ማሳየት የብሮከሩ ግዴታ እንዲሆን፣ በተጠየቀ በ48 ሰዓት ውስጥም በኤሌክትሮኒክ እንዲላክ የሚል ረቂቅ ደንብ ለሕዝብ አስተያየት አቀረበ።

አንዳንድ ልጆች «ወረቀቱን ባየው ዋጋው ይጨምርልኛል?» ይሉኛል። ወዲያው አይጨምርም። ግን የሚቀጥለውን ሎድ ስትደራደር ከጨለማ አትነሳም። የደሴው ባለመኪና ከአሰብ መልስ ሻይ ቤት ተቀምጦ የነበረው ትልቁ ሀብት ይሄ ነበር፤ ነጋዴውን ፊት ለፊት ማየት።

እና የዴንቨሩ ልጄ፣ ለጥያቄህ መልሱ ይኸው። ብሮከሩ አዛዥ የሆነው በጉልበቱ አይደለም። በሩ ሲከፈት ወረቀቱ እሱ እጅ ላይ ስለቀረ ነው። ወረቀቱን ለማየት የተሰጠህን መብት ደግሞ በጣትህ ፈርመህ መልሰህለታል። እኔም እንዳንተው።

ስለዚህ የቤት ሥራ አለ፤ ታሪክ አስተማሪ ያለ ቤት ሥራ አይሸኝም። ዛሬ ማታ ስትቆሙ በቅርቡ የፈረማችሁትን የብሮከር ውል ክፈቱና 371.3 የሚል ፈልጉ። ካገኛችሁት አንቀጹን አንብቡት፤ ከሚቀጥለው ፊርማ በፊትም «ይሄ ይውጣልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ እምቢ ይላል፣ ሁለተኛው ይስቃል፣ ሦስተኛው ያወጣዋል። ያወጣው ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ ለሌሎቹም ይጠቅማል።

ጎማችሁ አይፈንዳ፣ መንገዱ ይቅናችሁ።