የ25 ዶላሩ ጠረጴዛ፦ ከ«አንቲክስ ሮድሾው» ካሜራ ጀርባ

«አንቲክስ ሮድሾው» ሰዎች ከየቤታቸው ያመጡትን አሮጌ ዕቃ ባለሙያ መርምሮ ምንነቱንና ዋጋውን የሚነግርበት የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። የትውልድ አገሩ እንግሊዝ ነው። በ1977 ቢቢሲ አንድ የለንደን አጫራች ድርጅት በምዕራብ እንግሊዝ እየዞረ የነዋሪውን ዕቃ ሲገምት የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ሠራ፤ ከዚያ በተቀዳ ሐሳብ ዝግጅቱ በ1979 መተላለፍ ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካው አቻ ደግሞ በቦስተኑ ደብሊው ጂ ቢ ኤች ጣቢያ ተሰናድቶ በጃንዋሪ 1997 በፒ ቢ ኤስ ቴሌቪዥን ብቅ አለ።

ተመልካች የሚያየው የጥቂት ደቂቃ ጨዋታ ነው። አንድ ዕቃ፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ገማች፣ በመጨረሻም የሚያስደነግጥ ቁጥር። ቁጥሩ ከመነገሩ በፊት ያለው ሥራ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በአሜሪካው ዝግጅት መግቢያው ነጻ ቢሆንም ትኬቱ የሚገኘው በዕጣ ነው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ሁለት ዕቃ ይዞ ይቀርባል። ዝግጅቱ በትልልቅ የስብሰባ አዳራሾች ይካሄድ በነበረበት ዘመን በአንድ ቀን 5,000 ያህል ሰው ይመጣ ስለነበር፣ 10,000 ገደማ ዕቃ በ70 ያህል ገማቾች ፊት ያልፍ ነበር። ከ2018 ወዲህ ቦታው ወደ ታሪካዊ ቤቶች፣ የአትክልት ሥፍራዎችና ቤተ መዘክሮች ተዛውሯል። ቁም ሣጥንና ጠረጴዛን የመሰለ በእጅ የማይያዝ ዕቃ አስቀድሞ በፎቶግራፍ ተመርጦ በጭነት መኪና ይመጣል።

የወረፋው መጀመሪያ መለያ ጠረጴዛ ነው። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ዕቃውን በዓይን አይተው አሻንጉሊቱን ወደ መጫወቻ፣ የኪስ ሰዓቱን ወደ ሰዓት፣ ሰይፉን ወደ ጦር መሣሪያ ክፍል ይመራሉ። ከዚያ ሌላ ወረፋ ይከተላል። አብዛኛው ባለ ዕቃ መልሱን የሚያገኘው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ያለ ካሜራ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። አያት «የንጉሥ ስጦታ ነው» ያሉት ሳህን የፋብሪካ ሥራ ሆኖ ይገኛል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ዕቃውን በጋዜጣ መልሶ ይጠቀልላል።

ገማቹ ለየት ያለ ነገር ሲገጥመው አፉን ይቆጥባል። ለባለቤቱ ዋጋውን ሳይነግር አዘጋጅ ይጠራና ዕቃው ለምን መቀረጽ እንዳለበት ባጭሩ ያስረዳል። አዘጋጁም ባለቤቱን ስለ ዕቃው ምን ያህል እንደሚያውቅ ይጠይቃል፤ ዋጋውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ካሜራ ፊት የሚደነግጥበት ምክንያት የለውምና። የተመረጠው ሰው ፊቱ ፓውደር እየተቀባ ተራውን ሲጠብቅ፣ ገማቹ በበኩሉ የቀድሞ ጨረታዎችን መዝገብ ያገላብጣል፣ ባልደረቦቹን ያማክራል። ድንጋጤው እውነተኛ የሚሆነው ሁለቱ ስለ ዋጋው አስቀድመው ስለማይነጋገሩ ነው። ከአንድ ከተማ ቀረጻ የሚወጡት የአንድ አንድ ሰዓት ሦስት ዝግጅቶች ናቸው።

የአሜሪካው ዝግጅት ገማቾች ደመወዝ የላቸውም፤ የመጓጓዣና የሆቴል ወጪያቸውንም ራሳቸው ይሸፍናሉ። ብዙዎቹ የአጫራች ድርጅት ሠራተኞች ወይም የአንቲካ ነጋዴዎች ስለሆኑ ጥቅማቸው ስማቸው መታወቁ ነው። ለዚህም ነው በዝግጅቱ ላይ የቀረበላቸውን ዕቃ መግዛትም ሆነ ባለቤቱን እንዲሸጥ ማግባባት የተከለከለው።

ዋጋ እንዴት እንደሚወለድ በደንብ የሚያሳየው በ1997 ኒው ጀርሲ ውስጥ የቀረበው ጠረጴዛ ነው። አንዲት ጡረተኛ መምህርት ከሰው ግቢ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ በ25 ዶላር የገዙት ግማሽ ክብ የካርታ መጫወቻ ጠረጴዛ ነበር። የቤት ዕቃ ባለሙያዎቹ መንትዮች ሊ እና ሌስሊ ኬኖ ከላይ የተለበጠውን ጌጥ ማየት አልበቃቸውም፤ ገልብጠው ሆዱን መረመሩ። ከሥሩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቦስተን እንጨት ሠሪዎች የጆን ሲሞርና ልጁ የወረቀት ምልክት ተለጥፎ ተገኘ። ጠረጴዛው ያለ ወረቀቱም ውብ ነበር፤ የሠሪውን ማንነት ከመላምት ወደ ማስረጃ ያሻገረው ግን ያ ቁራጭ ወረቀት ነው። መንትዮቹ ከ200,000 ዶላር በላይ ገመቱት፤ በ1998 በሶዝቢ ጨረታ 541,500 ዶላር አወጣ።

በ2001 አሪዞና ውስጥ በቱሳን ከተማ የቀረበው የናቫሆ ብርድ ልብስ የወንበር መደገፊያ ላይ ተጣጥፎ የኖረ ነበር። ገማቹ ዶናልድ ኤሊስ ከ350,000 እስከ 500,000 ዶላር ሲሉት ባለቤቱ ሽማግሌ እንባቸው ተናነቃቸው። በቤተሰቡ ወግ ብርድ ልብሱ ስመ ጥር ከሆነው የምዕራብ አሜሪካ መንገድ መሪ ከኪት ካርሰን የተገኘ ነው፤ ይህ በማስረጃ ቢረጋገጥ ዋጋው ከዚያም በላይ ይጨምር ነበር። በእንግሊዝም በ1990 ኖርዛምፕተን ላይ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ሲያገለግል የነበረ የሸክላ ጉጉት ቀርቦ፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የስታፎርድሽር ሥራ መሆኑን ሄንሪ ሳንደን ለዩት። ጭንቅላቱ ተነቅሎ ዋንጫ፣ አካሉ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ይሆናል። የስቶክ ኦን ትሬንት ቤተ መዘክር በ22,000 ፓውንድ ገዛው።

አንድ ዕቃ አንድ ዋጋ ብቻ አይደለም ያለው። በጨረታ ያወጣል የሚባለው አንድ ነው፤ በሱቅ የሚሸጥበት ከዚያ ይበልጣል፤ ቢጠፋ ለመተካት በኢንሹራንስ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ይልቃል። የዕቃው ይዞታም ይመዘናል። አሮጌ የእንጨት ዕቃን ፍቆ እንደ አዲስ ቀለም መቀባት የዘመን ወዙን አጥቦ ዋጋውን ይጥለዋል።

ባለሙያም ይሳሳታል። በ2015 በአሜሪካዋ ስፖኬን ከተማ የቀረበ አስፈሪ ፊቶች የተቀረጹበት ማሰሮ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም የ20ኛው መባቻ ሥራ ተብሎ ከ30,000 እስከ 50,000 ዶላር ተገመተ። ዝግጅቱ ከተላለፈ በኋላ ግን አንዲት ሴት በ1970ዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች የሠራችው መሆኑ ታወቀ፤ ግምቱም ወደ 3,000 እስከ 5,000 ዶላር ወረደ። ከስህተት የከፋው ደግሞ ማታለል ነው። በአሜሪካው ዝግጅት የመጀመሪያ ዓመት ሁለት የጦር መሣሪያ ገማቾች አንድ ወዳጃቸውን የሰይፍ ባለቤት አስመስለው አቀረቡ፤ ሰውዬውም በልጅነቱ ሐብሐብ ይቆርጥበት እንደነበር አወራ። ገማቾቹ በዚህ መንገድ ያተረፉትን ስም የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት መኮንኖች ዘሮች ለማጭበርበር ተጠቀሙበት። በኋላ ሁለቱም በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነዋል።

ዕቃው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ሲጠና ዋጋ የሚቆምበት ቦታም አለ። በቢቢሲው ዝግጅት ገማቹ ሮኒ አርቸር ሞርጋን ከባሪያ ንግድ ጋር የተያያዘ አንድ የዝሆን ጥርስ ዕቃን ታሪክ አብራርተው ዋጋ ግን አልሰጡትም። ከዝግጅቱ ውጭ በሰፊው የጨረታ ገበያ ተመሳሳይ ጥያቄ ኢትዮጵያን ነክቷል። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ ሲቀርቡ፣ በኢትዮጵያ መንግሥት ጥያቄ ከሽያጩ ወጡ፤ በኋላም በአንድ ድርጅት ተገዝተው ለባለቤቷ አገር ተመለሱ።