የቻሌንጀር መርከብና የባሕር ጥልቀት ምርመራ

በረሓን ያቋረጡና ተራራን የወጡ ሰዎች ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ሰምተን አድገናል። የባሕርን ወለል ለመመርመር ሲሉ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል በውሃ ላይ ስለ ኖሩት ሰዎች ግን እምብዛም ሲወሳ አንሰማም፤ ስለዚህ ከታሪካቸው ጥቂቱን እናቀርባለን። ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለው የተፈጥሮ ሊቅ የኤጅያንን ባሕር ከመረመረ በኋላ፥ በ1843 ዓ.ም. ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት ያለው ፍጥረት አይገኝም የሚል አሳብ አቀረበ። ብርሃን በሌለበት፥ ብርዱና የውሃው ክብደት በበረታበት ስፍራ ነፍስ ያለው ነገር እንዴት ይኖራል በማለት ብዙዎች ተቀበሉት። ቆይቶ ግን ከዚያ በታች ሕያው ፍጥረት በመረብ ስለ ወጣ ክርክር ተነሣ።

ነገሩን አጣርቶ ለማወቅ የእንግሊዝ መንግሥት ከሮያል ሶሳይቲ ጋራ ተስማምቶ ቻሌንጀር የተባለችውን የጦር መርከብ አዘጋጀ። ከሁለቱ በቀር መድፎቿ ሁሉ ወርደው በስፍራቸው የምርመራ ክፍሎች ተሠሩ። ጆርጅ ኔርስ የመርከቢቱ አዛዥ፥ ቻርልስ ዋይቪል ቶምሰን የሊቃውንቱ አለቃ ሆነው ዲሴምበር 21 ቀን 1872 ዓ.ም. ከፖርትስመዝ ተነሡ።

መርከቢቱ በ362 ስፍራዎች እየቆመች ሥራዋን ፈጽማለች። ከባድ ብረት የታሰረበት የቃጫ ገመድ ወርዶ ጥልቀቱ ይለካል፤ የውሃው ሙቀት ይመረመራል፤ በመጨረሻም መረብ ወለሉን እየጠረገ ይጎተታል። ውሃው ጥልቅ በሆነበት ስፍራ ይህ ሁሉ ቀኑን ሊፈጅ ይችላል። በመጀመሪያ መረቡ በወጣ ቍጥር የመርከቡ ሰው ሁሉ ይሰበሰብ ነበር፤ ወሩ ሲደራረብ ግን በሚወጣው ጭቃ የሚደሰቱት ሊቃውንቱ ብቻ ሆኑ። በየወደቡም ብዙ መርከበኞች ኮበለሉ። እኛ ግን አንፈርድባቸውም፤ ገመዱን የሚጎትቱት እነርሱ ነበሩና። ከሊቃውንቱም መካከል ወጣቱ ጀርመናዊ ፎን ቪሌሜስ ዙም በ1875 ዓ.ም. ታሞ በጉዞ ላይ ሞተ።

በዚያው ዓመት ማርች 23 ቀን በማሪያና ደሴቶች አካባቢ የወረደው ገመድ 8,184 ሜትር ለካ። መርከቢቱ ሜይ 24 ቀን 1876 ዓ.ም. ስትመለስ ወደ 127,600 ኪሎ ሜትር ተጕዛ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያልታወቁ 4,700 ያህል የፍጥረት ዓይነቶችም ተገኙ። የፎርብስ አሳብ በዚሁ ተሻረ።

ጽሑፉን ማሳተም ግን ከጉዞው የረዘመ ጊዜ ፈጀ። ግምጃ ቤቱ በወጪው አጕረመረመ፤ ቶምሰንም በ1882 ዓ.ም. ሞቱ። ሥራውን የተረከቡት ጆን መሪ 50ውን መጽሐፍ በ1895 ዓ.ም. አስፈጸሙ። እኒሁ ሰው ከክሪስማስ ደሴት የመጣላቸውን ድንጋይ መርምረው ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን ፎስፌት መሆኑን ስላወቁ፥ ከዚያ የተቋቋመው ሥራ ለመንግሥት የከፈለው ግብር ቻሌንጀር ካስወጣችው ገንዘብ በለጠ ይባላል።

መሪ በ1914 ዓ.ም. ሲሞቱ ለባሕር ምርመራ ገንዘብ ትተው ነበር። በዚሁ ገንዘብ በ1933 ዓ.ም. ማባሒስ የተባለች የግብጽ መርከብ፥ ከነግብጻውያን መርከበኞቿ፥ ከእስክንድርያ ተነሥታ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ህንድ ውቅያኖስ ወረደች፤ እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስም ጥልቀቱን እየለካች ቆየች።