በአሜሪካ ምርጫ ዩኒቨርሲቲዎች የሕዝብ አስተያየት መጠየቅ እንዴት ጀመሩ?

በአሜሪካ የምርጫ ጊዜ ሲቃረብ ሬዲዮኑም ቴሌቪዥኑም «እገሌ በመቶ ይህን ያህል ይመራል» ማለት ያበዛል። አጠናሁ የሚለውም ብዙ ጊዜ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ድምፅ ገና ሳይሰጥ ይህ ቁጥር ከየት መጣ ለሚል ሰው ታሪኩን ባጭሩ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የሚባል የታወቀ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠየቂያ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ገባለት። ቆጥሮም ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ክፍለ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ! ስሞቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና መዝገብ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማነው? መጠየቂያውን ሞልቶ ለመመለስስ የተጋው ማነው? ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ነኝና ነገሩ ብዙም አይገርመኝም። መዝገብ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋሎፕ እጅግ ያነሰ ሰው ጠይቆ የሩዝቬልትን ማሸነፍ ስለተናገረ ስሙ ገነነ።

በ1948 ደግሞ ተራው የጋሎፕ ሆነ። ዲዌይ ትሩማንን በ5 ነጥብ ይበልጣል አለ፤ ትሩማን ከ4 ነጥብ በላይ በልጦ አሸነፈ። የጋሎፕ ጠያቂዎች «ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ሽማግሌ ጠይቁ» ተብለው ይላኩና ማንን እንደሚጠይቁ ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ሰው ደግሞ ደህና አድርጎ የሚያናግረውን፣ ለመንገድ የሚቀርበውን ነው የሚመርጠው። ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግኖ እህል እንደሚገዛ ሰው ማለት ነው።

በዚያው ምርጫ ዋዜማ፣ በጥቅምት፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማዕከል 662 ሰዎች ብቻ ጠየቀ። ዋናው ጥያቄው ስለ ውጭ ጉዳይ ነበር፤ የምርጫው ነገር እግረ መንገዱን የገባ ነው። ነገር ግን የሚጠየቀው ቤት በዕጣ ይወጣል። ዕጣ የወጣበት ሰው ቤቱ ባይገኝ ጠያቂው ተመልሶ ይሄዳል እንጂ ጎረቤቱን አይተካም። አድካሚ ነው፤ ገንዘብም ይበላል። ሆኖም እነዚህ ጥቂት ሰዎች ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ተቀራራቢ መሆናቸውን፣ ያልቆረጠውም ሕዝብ ብዙ መሆኑን አሳዩ። ከምርጫው በኋላም እነዚያኑ ሰዎች ሄደው ለማን ድምፅ እንደሰጡ ጠየቋቸው። ለብሔራዊው የምርጫ ጥናት መነሻ የሆነው ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉ። ኒው ጀርዚ ውስጥ ሩትገርስ በ1971፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ማሪስት በ1978፣ ኮነቲከት ውስጥ ኩዊኒፒያክ በ1988 ጀመሩ። ተማሪ ይማርበታል፤ የትምህርት ቤቱም ስም በዜና ይጠራል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ቀላል አይመስለኝም።

ቤት ለቤት መሄዱ እየቀረ በስልክ ሆነ። ዛሬ ግን የማያውቀው ቁጥር ሲደውልለት ስንቱ ያነሣል? በ2021 በኒው ጀርዚ አገረ ገዥ ምርጫ የሞንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መርፊን 11 ነጥብ አስቀደመ፤ ሰውየው ያሸነፈው በ3 ነጥብ ገደማ ነው። የጥናቱ ኃላፊ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንዲህ የሚያደርግ ብዙ የለም። ዩኒቨርሲቲው በ2025 ተቋሙን ለመዝጋት መወሰኑን አስታወቀ።