እንዶድ፦ ከወንዝ ዳር እስከ ፓተንት

እኛ የኦሞ ልጆች ነን። ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ ያየነው፣ ካየንም፣ ክረምት አያቶቻችን ዘንድ በሄድንበት ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን እንዶድን በስሙ እንጂ በመልኩ አናውቀውም። አጥር ላይ ተጠምጥሞ ብናገኘው «ይሄ ደግሞ ምን አረም ነው?» ብለን እናልፈዋለን።

እስቲ እናስተዋውቃችሁ። እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ፣ በጫካ ጠርዝ፣ በወንዝ ዳርና በአጥር ላይ የሚበቅል ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው። አበባው ደቃቅና ነጣ ያለ ሆኖ በዘለላ ይደረደራል። ወንዱና ሴቷ ተክል ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። ፍሬው ሳይበስል ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል። ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። እናቶቻችን ለዘመናት ጋቢና ነጠላ ያነጡት በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ ዐድዋ ሄዱ። የበሽታው ተውሳክ ወደ ሰው ከመመለሱ በፊት በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ መራባት አለበት። ከዚያ ወጥቶ ውሃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ዶክተሩ ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። አረፋው ከሚፈስበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል፤ ከላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። የጥናቱ ሁሉ መነሻ ይህች ነበረች።

በ1966 ዶክተር አክሊሉ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል «ቁጥር 44» የተባለውን ብርቱ ዝርያ ለይተው አወጡ። ሁለቱም በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ታዲያ እንዶድ ለምን በየወንዛችን አልተረጨም? ዓለም አቀፍ ለጋሾች የደህንነት ምርመራው የምዕራቡን ላብራቶሪ መስፈርት እንዲያሟላ ጠየቁ፤ በዚህ መሃል ዓመታት ነጎዱ። ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒንም መጣ። ክኒኑ የታመመውን ያድናል። ነገር ግን የዳነው ልጅ በማግስቱ እዚያው ወንዝ ቢገባ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ክኒን ቀንድ አውጣ አይገድልማ!

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ዜብራ መስል የሚባል ባለ ቅርፊት እንስሳ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ሲያስቸግር፣ በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ሞከረ፤ ሠራ። በ1990ዎቹም በዘዴው ላይ ፓተንት ወጣ። ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ተብለው ዶክተር አክሊሉ ተመዝግበዋል፤ የወንዝ ዳሮቹ እናቶች ግን የሉበትም። ይህም «ዕውቀታቸው ያለ ዋጋ ተወሰደ» የሚል ክርክር አስነሣ።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ። ቢልሃርዚያ ግን ዛሬም ከእኛ ጋር አለ። እንዶድም አለ፤ የሚጠመጠምበት የቁጥቋጦ አጥር በቆርቆሮና በብሎኬት እየተተካ፣ የወንዝ ዳሩ እየተመነጠረ ቦታ ጠበበው እንጂ።

እንግዲህ ክረምት አገር ቤት የምትወርዱ፣ አያቶቻችሁን «እንዶድ የቷ ናት?» ብላችሁ ጠይቁልን። ከሳሙና ሌላ ለምን ለምን እንደሚያውቋትም አትርሱ። በዐድዋው ወንዝ ዳር እኮ መልሱ በየቀኑ ሲፈስ ነበር፤ የጠፋው ቆም ብሎ የሚያይ ሰው ነው።